ያለቀለት

ቀራፂዋ እጇን እስከ ክርኗ በርሜሉ ውስጥ ነክራ ቡኮውን ታወጣለች። ቡኮ የምትለው ወረቀት ነው፤ ሁለት ቀን ተዘፍዝፎ ጠዋት በማሽን የተፈጨ። ውሃውን ጨመቅ እያደረገች፣ ከቁመቷ በሚበልጥ ጠማማ የሽቦ ቀፎ ላይ ትለጥፈዋለች። ቅርፁ ሰውም ዛፍም አይመስልም። አብረዋት የሚኖሩት አባቷ ሥራዋን ባዩ ቁጥር «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይሏታል።

«ምንም አይደለም አባዬ፤ ቅርፅ ነው።»

«ለምንም ይሄን ሁሉ መልፋት» ብለው ይስቃሉ።

ዛሬ ቡኮው ሰማያዊ ሆኖ ነው የወጣው። ደስ ብሏታል። ነገ ለዐውደ ርእይ የሚወስዱላት ሥራ ይኸው ነው፤ ለዚያ ዐውደ ርእይ ደግሞ ሦስት ዓመት ደጅ ጠንታለች። ቀፎውን ከግማሽ በላይ እንደሸፈነች ማሽኑ ያልፈጫት አንዲት ቁራጭ አውራ ጣቷ ላይ ተለጥፋ ቀረች። በሰማያዊ ቀለም «እናቴ» የሚል ቃል ይነበብባታል። የአባቷን የእጅ ጽሕፈት ለማወቅ ሁለተኛ ማየት አላስፈለጋትም።

ወደ ጓዳው ሮጠች። ከማተሚያ ቤት ያመጣችው የቁርጥራጭ ጆንያ እንደታሰረ ቆሟል። ከአጠገቡ የነበረው ሌላው ጆንያ ባዶውን ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ አጣጥፋ ያስቀመጠችውም ራሷ ናት። ላዩ ላይ በማርከር «ያለቀለት» ይላል። ከትናንት በስቲያ ስታነበው የማይፈለግ፣ የሚጣል መስሏት ውስጡን ሳታይ በርሜሉ ውስጥ ገልብጣው ነበር።

«ልጄ፣ ያቺን ጆንያዬን አላየሻትም?» አሉ አባቷ፣ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው። «በኮምፒውተር ወደምትጽፍልኝ ልጅ ልወስዳት ነበር።»

መዋሸት ትችል ነበር። አይጥ አለ፣ ቆሻሻ ወሳጆች አሉ።

«አባዬ፣ ዘፈዘፍኩት።»

«ምኑን?»

«ጽሑፍህን። ፈጨሁት። ያለቀለት ሲል አሮጌ ወረቀት መሰለኝ።»

አባቷ የተደፋ ባልዲ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሰባት ዓመት የጻፉት ነው፤ የእናታቸው ታሪክ፣ የሟች ሚስታቸው ታሪክ። ቅጂ የለውም።

«ያለቀለት ማለት እኮ ሥራው ያለቀ ማለት ነው። አምስት ጊዜ ያረምኩት።»

«አሁን ገባኝ። ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅህ አላውቅም።»

በእርጥብ እጇ እንደቆመች አለቀሰች።

«ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ቤት የሰው ስህተት ስለቅም ኖሬ» አሉ በመጨረሻ፣ «በአንድ የገዛ ቃሌ ተያዝኩ።» ተነሡና ከጓዳው ወጥተው ቀፎውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «እና ይሄ ምንድን ነው?»

ምንም አይደለም ማለት አቃታት።

«የጻፍከው ነው።»

«ነገ ይወስዱታላ።»

የሽቦውን ቀፎ አየችው፤ ከሠራችው ሁሉ ያማረው ይሄ እንደሆነ ታውቃለች። ከዚያ ከላይ ጀምራ ቡኮውን እየላጠች በርሜሉ ውስጥ ትጥለው ጀመር።

«ምን ሆንሽ አንቺ?»

«ገና እርጥብ ነው፤ ይመለሳል።»

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ባለ አራት ማዕዘን የወረቀት መሥሪያ ወንፊት አወረደች። በርሜሉ ውስጥ አጥልቃ አነሣችው። ውሃው ሲንጠፈጠፍ ስስ ሰማያዊ ልባስ ወንፊቱ ላይ ቀረ። ብርድ ልብስ ላይ ገለበጠችው።

«በሁለት ቀን ይደርቃል። ትጽፍበታለህ። የእስክሪብቶ ቀለም ግን ይሰራጭበታል።»

«እርሳስ አላጣም። ዐውደ ርእይሽስ?»

«አልደረሰም እላቸዋለሁ።»

አባቷ ኮታቸውን አውልቀው ምስማር ላይ ሰቀሉት። ባዶውን ጆንያ ከጓዳው አምጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ማርከር እንድታቀብላቸው ጠየቋት። «ያለቀለት» የሚለውን እንደ ድሮ ሥራቸው በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዙትና ከበላዩ «ገና ነው» ብለው ጻፉበት።