ልብስ ሰፊዋና ግራጫዎቹ የእሳት እራቶች

ልብስ ሰፊዋ ከብል ጋር ደመኛ ናት። በሠላሳ ዓመት የስፌት ዘመኗ ስንት ሱፍ ወንፊት አድርጎባታል። ብል የእሳት እራት ወገን ነውና፣ ልጇ ለጥናት የእሳት እራት ቆጥሮ የሚያድር ሰው ያገባች ጊዜ ታዲያ ኩም ነበር ያለችው። አማቿም ይህን ስለሚያውቅ ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አይጀምርም።

አንድ ቅዳሜ ሌሊት፣ ሲቆጥር የምትጽፍለትን ሚስቱን ጉንፋን ጣላት።

"እማማ፣ እርስዎ ቢጽፉልኝስ?" አለ እየፈራ።

"ብል ልቆጥር?" አፏ እንዲህ ይበል እንጂ እጇ ሹራቧን እያነሳ ነበር።

ጎህ ሲቀድ ጥብቁ ደን ውስጥ ካለው ኩሬ ደረሱ። አማቿ የእሳት እራቶችን እንዲስብ ማታ የተከለውን መብራት አጥፍቶ ከሥሩ ያለውን ሣጥን በቀስታ ከፈተ። በተደረደሩት የእንቁላል ካርቶኖች ላይ የእሳት እራቶቹ ተለጥፈው ተኝተዋል። ደረቅ ቅጠል የመሰለ አለ፤ ሮዝ ከቢጫ ያጣመረም አለ።

"ይሄን ቀለም ለሚዜዎች ቀሚስ ስንት ሱቅ ዞሬ አጣሁት" አለች ጎንበስ ብላ። "ሱፍ ይበላሉ?"

"እነዚህ ሱፍ አይነኩም። የሚበላው ሌላ ዓይነት ነው፤ የእሱም ትሉ እንጂ ክንፋሙ አይደለም።"

በጫማዋ የጨፈለቀቻቸው ሁሉ ትዝ አሏት።

እሱ እየጠራ እሷ ስትጽፍ ቆዩ። "ይሄ ግራጫው፣ አሥራ አንድ" አለ።

"አሥር በል። ጥግ ላይ ያለው የእነሱ ወገን አይደለም።"

"አንድ ዓይነት ናቸው እኮ እማማ።"

"የአሥሩ ክንፍ ጠርዝ ነጠላ ስፌት ነው፤ የሱ ድርብ። ሁለቱን አንድ ጨርቅ ነው ብሎ የሚሸጥልኝ ቢመጣ ከሱቄ አባርረዋለሁ።"

አጉሊ መነጽሩን አወጣ፤ መጽሐፉን ገለጠ፤ ደግሞ ገለጠ። ከዚያ እርጥቡ ሣር ላይ ዘፍ አለ።

"እዚህ ቦታ ተመዝግቦ አያውቅም። በስድስት ዓመት ውስጥ ስንቴ አልፌው ይሆን?"

ፎቶ አንስቶ ቁጥቋጦ ሥር በቀስታ አሳረፈው። የቆጠራ ቅጹ ላይ "ያገኘው ሰው" በሚለው ቦታ የእሷን ስም ከነአባቷ ጻፈ።

"መብራቱን የተከልከው አንተ አይደለህ?"

"ዓይኑ የእርስዎ ነው።"

እስከ ቤት ድረስ እየተሳሳቁ ሄዱ። ልጇ ብርድ ልብሷን እንደተከናነበች ብቅ ብላ ሁለቱን በየተራ አየቻቸው።

"ምን ተገኘ? ለማንኛውም ለሚቀጥለው ቅዳሜ እደርሳለሁ።"

"አትቸኩዪ፣ በደንብ ዳኚ" አለች እናት፣ ቅጾቹን ወደ ራሷ ቦርሳ እየከተተች።