የእንግዳው ምድጃ

ልዩ የምትባለው ልጅ የጋዝ ቧንቧ ስሌት በጀመረች ሰሞን ያስቸገራት ደግነቷ ነበር። ከመጋዘን ሥራ ወጥታ ቴክሳስ፣ ሜስኪት ከተማ ባለው የጋሽ ሀይሌ የቧንቧ ድርጅት ስትቀጠር ትከሻዋ ታየና አካፋ ተሰጣት። እሷ ቦይ ትቆፍራለች፣ ሌላው መጥቶ ቧንቧውን ይዘረጋል። የዚያ አገር አፈር ደግሞ ሲደርቅ ድንጋይ ነው፣ ሲረጥብ ጫማ አውልቆ ያስቀራል። ልዩ ግን ቦዩ ውስጥ የሚገባውን ቧንቧ የምትወስን ሰው መሆን አማራት። ይህንኑ ለጋሽ ሀይሌ ስትነግራቸው አልሳቁባትም። የሦስት ቤት ስሌት እሰጥሻለሁ፣ ሦስተኛውንም ካበላሸሽ ግን ከአካፋሽ ጋር ቆርበሻል አሏት።

ትምህርቱ ሲነገር ቀላል ነው። ጋዝ ከቆጣሪው ሲነሳ ያለው ግፊት ትንሽ ነው፤ መንገዱ በረዘመ፣ ቧንቧው በጠበበ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል። ሰርግ ላይ ከበሩ የተነሳ ትሪ ጥግ ያሉት እድምተኞች ጋ ሲደርስ ሥጋው አልቆ መረቁ እንደሚቀረው ማለት ነው፣ ብለው ነበር ጋሽ ሀይሌ ያስረዷት። እያንዳንዱ ዕቃ የሚበላው ጋዝ ገላው ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ቢቲዩ በሚባል የሙቀት መለኪያ ተጽፏል፤ እሱ ይደመራል። ከዚያ ከቆጣሪው እስከ ሩቁ ዕቃ ያለው ርቀት ይለካል። ሁለቱ ቁጥሮች ከተያዙ የቧንቧውን ስፋት የሚናገረው ሠንጠረዡ ነው፤ ሠንጠረዡም የተሠራው በመንገድ የሚጠፋው ግፊት ውሃን በግማሽ ኢንች ከሚያነሳው እንዳይበልጥ ተደርጎ ነው።

በመጀመሪያው ቤት ልዩ ያመጣችው ቧንቧ ከሚያስፈልገው አንድ ደረጃ ሰፋ። በሁለተኛውም ሰፋ። ጋሽ ሀይሌ መነጽራቸውን አድርገው ድምሩን ቁልቁል ሲያዩት ባለቤት የሌለው ቁጥር አገኙ። ይሄ የምንድን ነው ቢሏት መሬት መሬት እያየች ለእንግዳ ነው አለች። ባደገችበት ቤት ስድስት ሰው ካለ ለስምንት ነው የሚሠራው። እንግዳ ደራሽ፣ ውሃ ፈሳሽ፤ መቼ እንደሚመጣ በምን ይታወቃል?

«ኦኬ፣ ሶ ይሄ እንግዳ የሚባለው ምድጃ ሰሌዳው የታለ?» አሏት። «በግምት ከጨመርሽ ማስላትሽ ምኑ ላይ ነው? ሰውየውን እኮ የማይፈልገውን ብረት እያስገዛሽው ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ልዩ ግን ያን ቀን ስትቆፍር የዋለችው በንዴት ነው፤ ቦዩም ከታዘዘው በላይ ጠለቀ።

ሦስተኛው ቤት ሳክሲ ከተማ ያለው የእትዬ ከበቡሽ ቤት ሆነ። አሮጌው ቧንቧ ዝጎ ከነጭራሹ ሊቀየር ነው፤ ልጃቸው ኤልያብ ሊያገባ ስለሆነም ጓሮ በረንዳው ላይ አንድ በጋዝ የሚነድ የሥጋ መጥበሻ እንዲጨመር ፈልገዋል። ጋሽ ሀይሌ ቀደም ብለው በስልክ ምን ምን ዕቃ አለሽ ብለው ጠይቀዋቸው፣ የቤት ማሞቂያ፣ የውሃ ማሞቂያ፣ የኩሽና ምድጃና ይኸው መጥበሻ ብለው ነግረዋቸዋል። ልዩ ሄዳ ሰሌዳዎቹን አነበበች። ድምሩ ሁለት መቶ አሥራ አምስት ሺህ ቢቲዩ መጣ። እስከ በረንዳው ሰማንያ ጫማ ለካች። ሠንጠረዡ በዚያ ርቀት የአንድ ኢንች ቧንቧ ሁለት መቶ ሃያ ሺህ ይችላል ይላል። ልክክ አለ። ለእንግዳ አንዲት ፍንጣሪ አልጨመረችም፤ አካፋውን የተሰናበተች መሰላትና ደስ አላት።

ሜትሯን ጠቅልላ ልትወጣ ስትል ግን ያ አመሏ ጎተታት። መጨመር ተከለከለ እንጂ መጠየቅ አልተከለከለም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ?

«እትዬ ከበቡሽ፣ እንግዳ ሲበዛ በምንድን ነው የሚያበስሉት?» አለቻቸው።

«እሱማ በቸርቹ ሴቶች ምድጃ ነዋ» አሉ፣ ይህም ይጠየቃል ወይ በሚል ፊት። ጋራዡን ከፍተው አሳዩዋት። በሬ የሚቀቅል ድስት የሚሸከም ምድጃ ነው፤ የቸርቹ ሴቶች አዋጥተው የገዙት፣ ከአንዱ ድግስ ቤት ወደ ሌላው የሚዞር። ተራው አሁን የእሳቸው ነው፤ በረንዳው ላይ ከአዲሱ ቧንቧ ሊያስቀጥሉት አስበዋል። እትዬ ከበቡሽ የደበቁት ነገር የለም። የተጠየቁት ምን አለሽ ተብለው ነው፣ ምድጃው ደግሞ የእሳቸው አይደለም። የማንም ስላልሆነ በማንም ቤት ዕቃ መሀል ተቆጥሮ አያውቅም። ልዩ ጎንበስ ብላ ሰሌዳውን ብታነብ ስልሳ ሺህ ይላል።

አሁን ድምሩ ሁለት መቶ ሰባ አምስት ሺህ ሆነ፤ የአንድ ኢንቹ ቧንቧ አይችለውም፣ አንድ ኢንች ከሩብ ያስፈልጋል። እንደገና አንድ ደረጃ ሰፋ ማለት ነው። ልዩ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ፈራች። ጋሽ ሀይሌ የሚጠብቁት የአንድ ኢንቹን መልስ ነው፤ ያንን ብትሰጣቸው አካፋው ዛሬውኑ ከእጇ ይወርዳል። ሰፊውን ብትሰጣቸው ዛሬም እንግዳ ጨመረች ሊሉ ነው። ግን ደግሞ በሰርጉ ዋዜማ ሁሉም በአንድ ላይ ሲለኮስ ነበልባሉ ሲሟሽሽ፣ ሴቶቹም ድስቱን ከበው ሲተያዩ ታያት። የምድጃውን ሰሌዳ ፎቶ አነሳች፣ አንድ ኢንች ከሩብ ብላም ጻፈች።

ጋሽ ሀይሌ ወረቀቱን አይተው «አሁንም?» አሉ። ስልኳን ዘረጋችላቸው። ሰሌዳውን አነበቡ፣ ምድጃውንም አወቁት። የዚያ ምድጃ ወጥ በየሰርጉ ስንቴ በልተዋል! መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እሱን ለሰርጉ ሲለኮስ እናየዋለን ብቻ ብለው ወጡ።

ቧንቧው እንዳለችው ተዘረጋ፤ ጋዝ ኩባንያውም ጭማሪው ተነግሮት ቆጣሪውን ለወጠ። የሰርጉ ምግብ በሚሠራበት ቀን ጋሽ ሀይሌ በውሃ የሚለካ የግፊት መለኪያ ይዘው መጡና ሁሉም ዕቃ አብሮ እንዲነድ ብለው በዚያ ሙቀት የቤቱን ማሞቂያ ጭምር አስከፈቱ። ሴቶቹ «ጋሽ ሀይሌ፣ እኛን ነው እንዴ የሚቀቅሉት?» ብለው አጉረመረሙ። የሙቅ ውሃ ቧንቧዎቹ ተለቀቁ፣ ኩሽናው ተለኮሰ፣ መጥበሻው ተለኮሰ። በመጨረሻ ትልቁ ምድጃ ተለኮሰ። ልዩ ጎንበስ ብላ ነበልባሉን አየች። ሰማያዊ ነው፣ አላጎነበሰም። ጋሽ ሀይሌ ቆጣሪው ጋ ያነበቡትን በረንዳው ላይ ካነበቡት ጋር አስተያዩ፤ የጠፋው ግማሽ ኢንች አልሞላም።

ጥሩ ነው ወይም ጎበዝ ነሽ አላሉም። ማሞቂያውን አስዘጉ፣ አንድ ሰሃን ጥብስ ተቀብለው ተቀመጡ። ልዩም ነገሩ በዚህ አለቀ ብላ አካፋዋን ከጓሮው ልታነሳ ስትሄድ ስልካቸው ጮኸ። የደወለላቸው አርሊንግተን ያለ አዲስ ደንበኛ ነበር። እንደ ወትሯቸው ምን ምን ዕቃ አለህ ብለው ጠየቁ፣ አዳመጡ። ከዚያ በረንዳው ላይ ወደሚንፈቀፈቀው ድስት ተመለከቱ።

«እንግዳ ሲመጣስ?» አሉ። ሰውየው ሳይመልስላቸው ስልኩን ከጆሯቸው አውርደው ለልዩ ሰጧት። «አናግሪው፤ ስሌቱን የምትሠሪለት አንቺ ነሽ። አካፋውን እዚያው ተይው።»