የመምህር ሳኡኖአን ድምፅ ያሻገርን ዕለት

ወንድሜ ፔሌናቶ ማውዝ አይነካም። ማውዝ የሰነፍ ነው ባይ ነው። ጥቁሩን መስኮት ይከፍትና አንድ መስመር ትእዛዝ ይጽፋል፤ የመጨረሻዋን ቁልፍ ከሚገባው በላይ ጓ አድርጎ ይመታታል፤ ከዚያ እጁን አጣጥፎ ሰው ሲያየው ያያል። ትእዛዙን ያስተማርኩት እኔው ታላቅ እህቱ ነኝ። በደሴታችን ዋና ከተማ በአፒያ አንድ ቢሮ ውስጥ ነው የምንሠራው። ሥራችን የሰውን ፋይል ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው፣ ተቆልፎ፣ መንገድ ላይ ማንም ሳያየው ማሻገር ነው።

ሁለት ነገር አፌ እስኪዝል ነግሬዋለሁ። አንደኛ፣ ቀድሞ የሚጻፈው ፋይሉ ያለበት ቦታ ነው፣ ከዚያ የሚሄድበት። ሌላው፣ ከማሻገርህ በፊት በደረቁ ሞክር፤ ኮምፒውተሩ አንድም ነገር ሳይነካ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ዘርዝሮ ያሳይሃል። "እሺ እታለም" ይላል። እሺ ለማለት ማን ብሎት!

እማማ ኢዩቲታ የእናቴ የልብ ጓደኛ ናቸው። ባለቤታቸው መምህር ሳኡኖአ፣ ቀን ቀን እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ፣ ማታ ማታ በደቡብ ያለውን የመንደራቸውን መዘምራን ሲያሠለጥኑ የኖሩ ሰው ናቸው። የካቲት ላይ ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸው ሰለለ፣ ምላሳቸው ታሰረ። ይሰማሉ፣ ሁሉ ይገባቸዋል፣ ግን አንዲት ቃል አይወጣቸውም። ደግነቱ ልምምዱን ሁሉ ሲቀዱ ኖረዋል። መዝሙሩ ብቻ አይደለም፤ በመሀል "እናንተ ወፍራም ድምፆች፣ ተኝታችኋል እንዴ? እንደገና!" እያሉ ሲቆጡ፣ ሲያሾፉ፣ ሲስቁ፣ ሁሉም አለ። እማማ ኢዩቲታ ማታ ማታ ያንን ይከፍቱና አጠገባቸው ይቀመጣሉ። ባልየው የራሳቸውን ቁጣ ከኮምፒውተሩ ሰምተው በግማሽ ፊታቸው ፈገግ ይላሉ።

ታዲያ ቤታቸው ባሕር ዳር ነውና ጨዋማው አየር ኮምፒውተሩን እየበላው መጣ። ግማሹ ቁልፍ አይሠራም፣ አንዳንድ ጠዋት ጭራሽ አልነሣ ይላል። እማማ ኢዩቲታ ቢሯችን ድረስ መጡ።

"መዝሙሩንስ መዘምራኑ በቃላቸው ይዘውታል" አሉኝ። "የእሱን ድምፅ አድኑልኝ። እቤቴ ሰው የሚያወራው በዚያ ብቻ ነው።"

ቅዳሜ በመምህር ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ የቁልፍ ገበታ ይዘን ሄድን። ቤታቸው ግድግዳ የለውም፤ ምሰሶና ጣሪያ ነው፣ እንደ አገሩ። ስለዚህ ገና ቁጭ ሳንል ጎረቤቱ ሁሉ እግሩን አጣጥፎ ዙሪያችንን ሞላ። መምህር ሳኡኖአን ሥራውን እንዲያዩ ብለው ትራስ አስደግፈው ከኋላችን አስቀመጧቸው።

"በፍላሽ አይሆንም እንዴ?" አለች አንዲት ጎረቤት።

"እትዬ፣ ፍላሽማ ኪስ ውስጥ ይጠፋል፣ ልብስ ጋር ይታጠባል" አላት ፔሌናቶ። "ይሄ ግን ተቆልፎ ነው የሚሄደው። ሌባ ቢይዘው እንኳ አይገባውም።"

"የሳኡኖአን ቁጣ የሚሰርቅ ሌባ ካለ እኔው አመሰግነዋለሁ" አለ አንድ ወፍራም ዘማሪ። ቤቱ ሳቀ። ፔሌናቶ ሰው ሲስቅለት ጭንቅላቱ አይሠራም፤ ይህን እያወቅኩ ዝም አልኩት።

ጻፈ። "በደረቁ ሞክረሃል?" አልኩት ቀስ ብዬ። "እታለም፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ" አለኝ በጥርሱ መሀል። ቁልፏን ጓ አደረጋት።

መስመሮች እየተንደረደሩ ይወርዱ ጀመር። የየመዝሙሩ ስም ብቅ እያለ ወደ ላይ ይሸሻል። ከየስሙ ፊት አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ነበረች። ፔሌናቶ ፊቱን ወደ ሰዉ አዙሮ ፋይሉ እንዴት ተቆልፎ እንደሚሄድ ያብራራል። እኔ የሰጡኝን ትኩስ ካካዎ እየጠጣሁ ነበር። መስመሩን አየሁት እንጂ አላነበብኩትም።

"እኒህ ናቸው የሚሄዱት?" አሉ እማማ ኢዩቲታ፣ እንግሊዝኛ አያውቁም።

"አዎ እማማ፣ እየሄዱ ነው" አለ ወንድሜ ዞር ሳይል።

ይሄኔ ከኋላችን ድው፣ ድው፣ ድው የሚል ድምፅ መጣ። መምህር ሳኡኖአ በደህናው በግራ እጃቸው መዳፍ ወለሉን ይመታሉ። ዐይናቸው ኮምፒውተሩ ላይ ፈጧል።

"ምት እየመታ ነው" አሉ እማማ ኢዩቲታ፣ እንባቸው ቅርር አለ። "ደስ ብሎት ነው። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።"

ሰዉ ከምቱ ጋር ማጨብጨብ ጀመረ። እኔም ካካዎዬን አስቀምጬ አጨበጨብኩ። እሳቸው ይብሱን አጠነከሩት፣ ጉሮሯቸው ውስጥ አንድ ነገር ይንገራገጫል። ሚስታቸው ሄደው እጃቸውን ያዙና ሳሙት። "በቃ የኔ ጌታ፣ ይደክምሃል" ብለው የባላቸውን እጅ በሁለት መዳፎቻቸው መሀል አስቀመጡት፣ መስመሩ እስኪያልቅም አለቀቁትም።

"እስቲ አሁን አፒያ ከደረሰው አንዱን ላሰማችሁ" አለ ፔሌናቶ። ጻፈ። ደግሞ ጻፈ። ሦስተኛ ሲጽፍ ማጅራቱ ላይ ላቡ ሲንቆረቆር አየሁ። ክዳኑን ዘጋው።

"ኔትወርኩ ደከመ" አለ። "የሄደው ሄዷል፣ ማዳመጡ ሌላ ቀን ይሁን። ኮምፒውተሩን ለጽዳት ልውሰደው።"

እማማ ኢዩቲታ መርቀውት ምግብ አቀረቡ፤ ዓሣ፣ ጎደሬ፣ በኮኮናት ወተት የበሰለ የጎደሬ ቅጠል። ፔሌናቶ በላ። ጨምሩልኝ አላለም እንጂ የጨመሩለትንም በላ። መምህር ሳኡኖአ ግድግዳ እንዳለ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ምሰሶው አዙረው ነበር፤ ደክሟቸው ነው አልን።

አውቶብሱ ውስጥ ነገረኝ። ቢሯችን ውስጥ ሁልጊዜ ፋይል ከሩቅ ወደ ራሳችን ነው የምናመጣው፤ እጁ የለመደውን ጻፈ። አፒያን አስቀደመ፣ የመምህርን ኮምፒውተር አስከተለ። አፒያ ያዘጋጀነው ማኅደር ደግሞ ገና ባዶ ነው። እዚያ ላይ "ሁለቱን ወገን አንድ አድርግ፣ ትርፍ ካለ አጥፋ" የምትለውን ቃል ጨምሮበታል። ኮምፒውተር ታዛዥ ነው፤ ባዶውን አይቶ ሙሉውን ባዶ አደረገው። ያቺ ከየስሙ ፊት የነበረችው ቃል "እያጠፋሁ ነው" ነበር የምትለው።

"ይህን አውቀህ ነው የበላኸው?" አልኩት።

"ምን ላድርግ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ?"

በጥፊ ያላጮልኩት አውቶብሱ ውስጥ ዘመድ ስለነበረ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የምናውቀውን ሁሉ ሞከርን። ያ ዓይነት ዲስክ የጠፋበትን ወዲያው ጠራርጎ ነው የሚጥለው፤ ቁራጭ ድምፅ እንኳ አላገኘንም። እማማ ኢዩቲታ በስልክ "ጸዳ?" ብለው ይጠይቃሉ ብዬ ስልኬ በጮኸ ቁጥር መጀመሪያ የደዋዩን ስም አያለሁ። አልደወሉም።

በመጨረሻ የቤተሰባችን አለቃ፣ አጎታችን ቱኢሎማ ዘንድ ሄድን። እኛ ዘንድ ሰው የገደለ ወይም ከባድ ነውር የሠራ ሰው ቤተሰቡን ይዞ በተበዳይ ደጅ የክብር ሰሌን ተከናንቦ ይቀመጣል። ተበዳዩ መጥቶ ሰሌኑን ከገለጠለት ይቅር ተባለ። ካልገለጠለት ያው እንደተቀመጠ ነው።

"ለፋይል ሰሌን የተከናነበ ሰው ሰምቼ አላውቅም" አሉ አጎቴ። "ደም ፈሷል? የሰው ሚስት ተነክታለች?"

"አይ" አለ ፔሌናቶ አቀርቅሮ።

"ከዚያስ በኋላ? የቤታቸውን ምግብ ቀምሰሃል?"

እኔ "በልቷል" አልኩ።

"እንግዲያው ሰሌኑን አውጡ" አሉ። "ዐይኑን በጨው አጥቦ የበላ ልጅ ያለበት ቤት ተከናንቦ ቢቀመጥ አይበዛበትም።"

ሳይነጋ እማማ ኢዩቲታ ደጅ ደረስን። እናቴ የሠራችውን ሰሌን በአጎቴ፣ በፔሌናቶና በእኔ ራስ ላይ ጣልን። ከፊታችን እንደ ወጉ ማገዶና የምድጃ ድንጋይ ደረደርን፤ ከፈለጋችሁ ጥበሱን ማለት ነው። ፀሐይ ወጣች። ሰው ወደ ሥራው ሲያልፍ እግሩ ቆም ሲል ይሰማኛል። "የአፒያዎቹ ኮምፒውተረኞች አይደሉም?" አለች አንዲት ሴት፤ ያቺ የፍላሽዋ ናት። ከሰሌኑ ሥር ሙቀቱ ያፍናል። እኔ ደግሞ የሚያሳፍረኝ የእሱ ሥራ ብቻ መስሎኝ ነበር የተቀመጥኩት።

አንድ ጥንድ ባዶ እግር ከፊታችን ቆመ። የእማማ ኢዩቲታ ነው። አጎቴ "እኅቴ፣ ልጃችን በድሏችኋል" ብለው ጀመሩ። የሰሌኑ ጫፍ ብድግ አለ። ገልጠው ይጥሉታል ስል እማማ ኢዩቲታ ጎንበስ ብለው ገቡ።

"ጠጋ በይ ልጄ" አሉኝ።

"ኧረ እርስዎማ ቦታዎ እዚህ አይደለም" አሉ አጎቴ ደንግጠው።

"ነው እንጂ" አሉ እማማ ኢዩቲታ። ሰሌኑን በራሳቸው ላይ አስተካክለው ተቀመጡ። "የሄዳችሁ ማታ፣ ሳኡኖአ ኮምፒውተሩ የነበረበትን ቦታ ሲያይ ያንኑ ምት ደገመው። ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አልሳቀም፤ ያኔ ሰማሁት። ከእዚያ እጅ ሥር ሠላሳ ዓመት ዘምሬያለሁ። ምት ሲሰጥ በጣቱ ነው፣ ቀስ ብሎ። በመዳፉ ወለሉን የሚመታው አቁሙ ሲል ነው። እሱ እንግሊዝኛውን አንብቦት ኖሯል። አቁሙ እያለን ነበር።"

ፔሌናቶ ግንባሩን መሬት ላይ ደፋው።

"አንተ አላወቅክም" አሉት። "እኔ አውቀዋለሁ። ደስ ብሎት እንዲሆን ስለፈለግኩ ደስ ብሎታል አልኳችሁ። እጁንም ያዝኩበት።"

ያጨበጨብኩባቸው መዳፎቼ ጭኔ ላይ ነበሩ፤ የማስቀምጥበት ቦታ ያጣሁላቸው ይመስል ከጭኔ ሥር ቀበርኳቸው። ውጪ ያለው ሰው ምን እንደሆነ ግራ ገብቶት ይንሾካሾካል። አራታችን እዚያ ሰሌን ሥር ነን፣ የሚገልጥልን ሰው ደግሞ የለም።

ከቤቱ በኩል መጣ። ድው፣ ድው፣ ድው። መዳፍ ነው፣ ወለል ላይ።

እማማ ኢዩቲታ ክንዴን ያዙ። ውጪ ሹክሹክታው ተቋረጠ። አጎቴ "አቁሙ ተብለናል" ብለው ሰሌኑን ከላያችን ላይ ሳቡና አጣጠፉት። መምህር ሳኡኖአ ትራሳቸው ላይ ተደግፈው እኛን ያያሉ፤ እጃቸው ገና ወለሉ ላይ ነው። በዚህኛው ማንም አላጨበጨበም።