የጓዳው ማሽን

የካቲት 14 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ ነበር። ሰዓቱን የማውቀው ማሽኑን ከመዝጋቴ በፊት ስክሪኑ ጥግ ላይ ስላየሁት ነው። ከወንድሜ ስም አጠገብ የነበረችው አረንጓዴ ነጥብ ያኔ ጠፋች። ያጠፋኋት እኔ ነኝ። ወንድሜ ከሞተ ሃምሳ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። እናታችን ከሁለት ዓመት በፊት ታማ እሷ ስትነሳ ጆሮዋ አልተነሳም። ስልክ መደወል ቀረ። ጽፎ ለማውራት የሚሆን ነገር ስልክ ላይ ሞልቷል፤ ወንድሜ ግን አሻፈረኝ አለ። ሥራው ሊፍት መጠገን ነበር፤ የማንንም ማሽን ከውስጡ ሳያይ አያምንም።

«የቤታችንን ወሬ ሰው ቤት ቁጭ ብለን አናወራም» አለን።

አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ገዛና ተከራይቶ በሚኖርባት ክፍል፣ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀምጦ የቻት ሰርቨር አደረገው። እኛ በተራ የኢንተርኔት ገጽ እንገባለን፤ ወሬው ግን የሚቀመጠው እሱ ቁም ሣጥን ላይ ነው። የምናወራበትን ክፍል «ጓዳ» አለው። ራሱን «ሊፍቱ» ብሎ ሰየመ፣ ወጣ ወረድ ማለት ሥራዬ ነው ብሎ። እኔ መነጽር ቤት ሌንስ ስለምቆርጥ «ባለመነጽሯ» ሆንኩ። እማዬን ሳያማክራት «ኃላፊዋ» አላት። ስታየው አልተቆጣችም። ይባስ ብላ ትእዛዝ መስጠት ጀመረች።

ማሽኑ አንድ ጠባይ ነበረው። እኛ ስልካችንን ዘግተን ብንተኛም እሱ በስማችን ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ የተባለውን ሁሉ ይዞ ስንመለስ ያሳየናል። ስለዚህ የሦስታችንም ስም ቀንም ሌትም አረንጓዴ ነው። ሰውዬው ይኑር አይኑር ማሽኑ አያውቅም።

ታኅሣሥ 21 ወንድሜ ሥራ ቦታ ምሳውን በልቶ እጁን ሊታጠብ ተነሳና ወደቀ። ልቡ ነው አሉን። ከሳምንት በኋላ ወደ ክፍሉ ስሄድ ማሽኑ ቁም ሣጥኑ ላይ ያጉረመርማል፤ «ሊፍቱ» አረንጓዴ ነው። እማዬ ደግሞ በየማለዳው «ደህና አደርክ» ብላ ትጽፍለታለች። እኔ አነበውና ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

ሃርድ ዲስኩ በጥር አጋማሽ ተክ ተክ ማለት ጀመረ፤ ከሥራ ስወጣ እያለፍኩ አየዋለሁ። አከራይዋ ሴትዮም እስከ የካቲት መጨረሻ ክፍሏን ፈለገች። ለማንም እንዳልሰጠው ወንድሜ ማንንም አያምንም ነበር፤ ለራሴ እንዳልይዘው ከሌንስ በቀር የማውቀው የለም። ተማርኩ። ከሥራ መልስ፣ ቀኑን ሙሉ ጠርዝ ሲለካ የዋለ ዐይኔን ይዤ እቀመጣለሁ። አንዲት ትንሽ ማሽን ገዝቼ እኔ ክፍል አኖርኩና ኮንፊግ የሚሉትን የማስተካከያ ፋይል መስመር በመስመር ማንበብ ያዝኩ። አንድ ኮማ ብትጎድል ሰርቨሩ አይነሳም፤ የጎደለችው የት እንደሆነችም አይነግርሽም። የግል ነው ወይስ የሕዝብ ብሎ ይጠይቃል። እኔ የዋህ፣ እኛ ሕዝብ አይደለን ብዬ የሕዝብ አልኩት። ለካ የሕዝብ ከሆነ ማንም ይገባል፣ ምንም አይቀመጥም። አራት ቀን የሞካከርኩት ሁሉ በማግስቱ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ።

የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ የወንድሜን ፋይሎች በሙሉ ወደ ፍላሽ ቀዳሁ። ቁም ሣጥኑ በር ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ በእጁ የጻፋት ወረቀት ተለጥፋ ነበር፦ «ማሽን ስትቀይር፤ ቅዳ። ቅጂውን ከፍተህ እይ። ከዚያ ዝጋ።» ለራሱ የጻፈው ነው። አነበብኳት። ቀዳሁ፤ ሳላይ ዘጋሁ። ደክሞኝ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም።

አሮጌውን ማሽን ታቅፌ አውቶቡስ ውስጥ ሳለሁ ከእማዬ የስልክ መልእክት መጣ። «የወንድምሽ ነጥብ ጠፋ። ጽሑፉ ግን አለ። አንቺ ደህና ነሽ?»

የጠፋው የሦስታችንም ነጥብ ነው። እሷ የጻፈችልኝ ግን ስለ እሱ ብቻ ነው። መልስ ሳልሰጥ ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ቤት ደርሼ ፍላሹን አዲሱ ማሽን ላይ ሰካሁ። ፎቶዎቹ አሉ። የሊፍት መጽሐፎቹ፣ ሙዚቃው፣ የሥራ ማመልከቻው ሳይቀር አለ። ሁለት ዓመት ያወራነው ወሬ የለም። ሦስቴ ፈለግሁት። አዲሱን ማሽን ከሶኬቱ ነቅዬ፣ አሮጌውን በአንሶላ ጠቅልዬ ታክሲ ያዝኩ።

የማውቀው ኮምፒውተር ጠጋኝ ሱቁ ከመነጽር ቤታችን ጎን ነው። ሻይ እየጠጣ አዳመጠኝ።

«እህቴ፣ የወሬው ፎልደር ስሙ በነጥብ ነው የሚጀምረው። በነጥብ የጀመረ ነገር አይታይም፤ ይደበቃል። አንቺ ደግሞ የታየሽን ነው የቀዳሽው።»

«ማን ነው የደበቀው?»

«ማንም። እንዲህ ነው የተሠራው። እንደኔ ዓይነቱ ነካክቶ እንዳያበላሸው።»

«እንደኔ ዓይነቷ ሳትነካ አበላሸችው እንግዲህ። በል አሁን አብራውና ልቅዳ።»

አበራው። ተክ አለ። ደግሞ ተክ። ዝም። ከፈተው፣ ነካካው፣ ሌላ ገመድ ሰጠው። ተክ። ዝም።

«ይኸውልሽ፣ ይሄ ሽማግሌ ቆሞ እስካለ ድረስ ይሄድ ነበር» አለኝ፣ ሳቁን እየዋጠ። ፊቴን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። «አንዴ ከተቀመጠ ግን አይነሳም። መዝጋት አልነበረብሽም፣ እቴ።»

ብርጭቆው ውስጥ የቀረውን ሻይ ወደ እኔ ገፋው። የዚያን ጊዜ ነው የእማዬ መልእክት ትዝ ያለኝ። *ጽሑፉ ግን አለ።* አውጥቼ አሳየሁት። ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«እናትሽ ገጹን አልዘጋችውም?»

«ዘግታው አታውቅም። ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ታብሌቷ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ይውላል፤ ይኸው ሁለት ዓመቱ።»

«እንግዲያው የተከፈተው ያህል ገጹ ላይ አለ። አዲሱ ሰርቨር ጠፍቶ ይቆይ። እሱ ከተነሳ ገጹ ራሱን ሪፍሬሽ ያደርግና ባዶ ይሆናል። ታብሌቱን እናትሽ አትንካው። ሂጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ከሱቁ እየወጣሁ ጻፍኩላት። «እማዬ ታብሌቱን እንዳትነኪው። እየመጣሁ ነው።»

«መቼ ነክቼው አውቃለሁ» አለችኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ስትነካው የምትውል ሴትዮ!

ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር። እማዬ ወጥ ቤት ወንበሯን ከመደርደሪያው ፊት ለፊት አድርጋ፣ ሁለት እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ቀብራ፣ ታብሌቱን እያየች ተቀምጣለች። ቧንቧው ይንጠባጠባል፤ እሷ አትሰማውም። ዘጋሁት።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል!» አለች ጮክ ብላ። ከደነቆረች ወዲህ የምትናገረው እንዲህ ነው።

እንደ ልማዴ ስልኬን አውጥቼ ጓዳ ውስጥ ልጽፍላት ስል ጓዳ የለም። አንድ ወጥ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንኳ በእሱ ነበር የምናወራው። ከቦርሳዬ የሌንስ ማዘዣ ወረቀት አወጣሁ፤ ጀርባው ላይ በእርሳስ ጻፍኩ፦ «የወንድሜን ጽሑፍ አጠፋሁት። ሳላይ ዘጋሁት። የቀረው እዚህ ያለው ብቻ ነው።»

ወረቀቱን ራቅ አድርጋ ይዛ አነበበች። ደግማ አነበበች።

«ሁሉም እዚህ ነዋ» አለች።

«ሁሉም አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። «ገጹ መጨረሻ መጨረሻውን ብቻ ነው የሚያሳየው።»

«ከላይ የድሮውን አሳይ የምትል ነገር አለች አይደል? በየቀኑ እሷን ስጫን ነው የከረምኩት። ትናንትና መጀመሪያው ጋ ደረስኩ።» ወደ ታብሌቱ በአገጯ ጠቆመችኝ። «ሊፍት የለውማ። በእግሬ ነው የወጣሁት።»

በአንድ ጣቴ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ገጹን ወደ ላይ ሳብኩት። ይወጣል፣ ይወጣል፣ አያልቅም። ከዚያ ቆመ። አናቱ ላይ፦

ሊፍቱ፦ እማዬ ይሄ ይታይሻል?
ኃላፊዋ፦ አዎ

በሁለቱ መካከል አሥራ አንድ ደቂቃ አለ። «አዎ» የሚለውን ለመጻፍ የፈጀባት ነው።

ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። አንድ ስክሪን አነሳለሁ፤ ጽሑፉን ትንሽ ዝቅ አደርጋለሁ፤ ደግሞ አነሳለሁ። ገጹ ከአሁን አሁን ራሱን ይዘጋል ብዬ እቸኩላለሁ። እማዬ ግን ሳታነብ አታሳልፈኝም። በዚያ ድምፅዋ፣ አንድም ሳታስቀር፦

«‹እማዬ ዛሬ አንዲት ሙሽራ ሊፍት ውስጥ ተይዛ አወጣሁ። ባልየው አሥር ፎቅ በደረጃ ሮጦ ቀድሞን ደርሶ ወለሉ ላይ ተዘርሯል።› ‹ውሃ ሰጣችሁት?› ‹ሙሽራዋ በአበባው አራገበችው።› እንዴት ያለ ነገር ነው!»

«እማዬ ቶሎ በይ» ብዬ ጻፍኩ።

«የት ልትሄጂ ነው?»

የረሳው ካልሲ፣ የተቃጠለ አምፖል፣ «በላህ?» «በላሁ»፣ «ውሸታም»። መሽቶ መብራት አበራሁ። አንድ ቦታ ላይ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«‹ባለመነጽሯ፣ አንድ ቀን ቁጭ ብለን ይሄን ሰርቨር ላስተምርሽ። እኔ ብታመም ማን ይይዘዋል?›» አለች። የእኔን መልስም አነበበችው፤ አላዘነችልኝም። «‹ጊዜ የለኝም። ደግሞ አንተ ምን ትሆናለህ።›»

ጥቅምት 3 ነው የጻፍኩት። ፎቶውን አነሳሁ። ደገምኩት። እማዬ መዳፏን ጉልበቴ ላይ አኖረችና ቀጣዩን ማንበብ ቀጠለች።

የመጨረሻው ጽሑፉ «ምሳ ልበላና እመለሳለሁ» ይላል። ከዚያ በታች የእሷ ነው፤ «ደህና አደርክ»፣ «ደህና አደርክ»፣ አንዳንዴ «ዛሬ ይበርዳል»።

«ይበቃል» አለች። «የኔን ተይው። የኔን እኔ አውቀዋለሁ።»

ስልኬን አስቀምጬ ወረቀቱን ወሰድኩ። ቀኑን ሙሉ የፈራሁት ጥያቄ ይሄ ነበር። «አዲሱ ላይ ስሙን ልፍጠርለት? ብፈጥረው ነጥቡ እንደ በፊቱ አረንጓዴ ይሆናል።»

ዐይኗን አጥብባ አየችኝ።

«መሞቱን የማላውቅ መሰለሽ እንዴ? እኔ ነኝ እኮ የቀበርኩት።»

«ነጥቡ ጠፋ ብለሽ ጻፍሽልኝ» አልኩ፣ በእርሳስ።

«ጻፍኩ። ያንን ማሽን ማን ነው ሲጠብቀው የከረመው? ነጥቧ ስትበራ አንቺ ደህና ነሽ፤ ከሥራ ወጥተሽ እዚያ ሄደሽ ነክተሽዋል እላለሁ። አንቺ ሰው ሲጽፍልሽ አትመልሺ። በምን ልወቅ? ዛሬ ስትጠፋ ይቺም ወደቀች ብዬ ልቤ ቀጥ አለ። ደህና ነሽ ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ ታብሌቱን አትንኪ! ይሄ መልስ ነው?»

ስልኬን ከፍቼ የጠዋቱን መልእክት አየሁት። ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ጥያቄ ነበር። አላነበብኩትም ነበር።

እርሳሱን አነሳሁ። ብዙ የምጽፈው ነበረኝ። «ደክሞኛል እማዬ» ብቻ ጻፍኩ።

«ታውቂያለሽ እንዴ?» አለች። «እኔንም ደክሞኛል።»

እዚያው አደርኩ። በማግስቱ ከሥራ በኋላ ክፍሌ ሄጄ አዲሱን ማሽን ሰካሁ። የእማዬ ገጽ ራሱን ሪፍሬሽ አድርጎ ባዶ ሆነ። መጀመሪያ የጻፍኩላት «እማዬ ይሄ ይታይሻል?» ነው፤ ሌላ ነገር አልመጣልኝም። አዎ ለማለት አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም።

ፎቶዎቹ ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ናቸው። አራቱ ደብዝዘዋል። በእነሱ ላይ የነበረውን እማዬ በቃሏ ስትለኝ በወረቀት ጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ቅጂ እወስዳለሁ፤ ከፍቼም አያለሁ። ጓዳ ውስጥ አሁን ያሉት ሁለት ስሞች ናቸው።