ቁማር ቤቱ የተዘጋ ዕለት

«እኔ የምልህ ዋቁማ፣ መርከብ ወደብ ላይ ሲቆም ውስጡ ያለው ቁማር ቤት ይዘጋል ወይስ አይዘጋም?»

ማሚት ይህን ስትጠይቅ የአንሶላውን ሁለት ጫፍ ይዛ ቆማለች። ሌላውን ሁለት ጫፍ የያዘው ዋቁማ ነው። ብሉሚንግተን፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካለው ሆቴል ምድር ቤት፣ ላውንደሪ ውስጥ ሁለቱ ተያይዘው አንሶላ ሲያጥፉ ስንት ክረምት አልፏል። ዋቁማ ሚኒሶታ ከመግባቱ በፊት በሽርሽር መርከብ ላይ አልጋ ሲያነጥፍ የኖረ ሰው ነው፤ ስለ መርከብ የሚጠይቀው ካገኘ ምሳውንም ይረሳል።

«ይዘጋል እንጂ!» አለ። «መርከቡ ወደብ ከገባ ያገሩ ሕግ ያዘው ማለት ነው። በሩ ላይ ገመድ ይጋርዱበታል፤ ሰው ዝር አይልም። ተመልሶ ባሕሩ መሃል ሲገባ ነው የሚከፈተው። ምነው እትዬ ማሚት፣ ልትቆምሪ አማረሽ?»

«ወግድልኝ! ቁማርስ የኔን ቤት ከለመደ ቆየ። ወንድሜ እዚያ ላይ ነው።»

ዋቁማ ፈገግታውን ዋጠ። ቂርቆስን ያውቀዋል። የማሚት ታናሽ፣ ለናቱ የሆድ መጥረጊያ፣ ታክሲ ነጂ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ እጁ ግን ከቁማር የማይላቀቅ። ከከተማው በስተደቡብ ወጣ ብሎ ያለው ትልቁ ቁማር ቤት በስሙ ያውቀዋል፤ በር ላይ «ሚስተር ኪርኮስ» እያሉ ነው የሚቀበሉት። ደንበኝነቱን አይተው ከፍሎሪዳ የሚነሳ መርከብ ላይ ሙሉ ሳምንት በነፃ ሰጡት። ማሚት ይህን የሰማች ዕለት፣ «ድመት አይጥን ለድግስ ስትጠራ ለማን ብላ ነው? አንተ ደንቆሮ!» ብላው ነበር። እሱም በሩን ወርውሮ ወጣ። ሳይሰነባበቱ ሄደ።

በሄደ በማግሥቱ እናታቸው ወደቀች። ሳንባዋ ውሃ ቋጠረ። የሆስፒታሉ ሐኪም በአስተርጓሚ አድርጎ፣ «ልቧ ደክሟል፤ ልጆች ካሏት ይምጡ» አለ። እናትየው የተባለውን ማንም ሳይነግራት አወቀችው። አልፈራችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ቂርቆሴን አገናኙኝ። ድምፁን ልስማና ልመርቀው። የመጨረሻዬ ነው፤ ሳልመርቀው አልሄድም።»

መርከብ ላይ ግን የቂርቆስ ስልክ አይሠራም። ዋቁማ መላውን ነገራት። «ድርጅቱ ጋ ተደውሎ ችግር አለ ከተባለ መርከቡ ላይ ይነግሩታል። ካልሆነም ወደብ ሲደርሱ ጠብቂው። ቁማር ቤቱ ሲዘጋ ቁማርተኛ ምን ይሠራል? ወርዶ ስልኩን ይከፍታል።»

ማሚት ድርጅቱ ጋ ከመደወሏ በፊት አጎቷን ጋሽ ፍቅሬን አማከረች። ጋሽ ፍቅሬ የእናቷ ወንድም ናቸው፤ ሴንት ፖል ነው የሚኖሩት፤ የዕድሩ ሰብሳቢ። በዚህ ከተማ የሚነገር መርዶ ሁሉ በሳቸው አፍ ነው የሚያልፈው። ሌሊቱን ሰው ሰብስበው፣ ባለ ሐዘኑ እንቅልፉን ከጠገበ በኋላ፣ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩተው፣ ክንዱን ይዘው። እንዲህ ነው መርዶ ማለት። ስለ መርከቡ ስልክ ስትነግራቸው ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ምን ማለትሽ ነው? ባሕር መሃል ብቻውን ላለ ሰው ‹እናትህ እያጣጣረች ነው› ይባላል? በፈረንጅ አፍ? ማን ይይዘዋል? ዘሎ ውሃው ውስጥ ቢገባስ?»

«እሷ ግን ድምፁን ትፈልጋለች፣ ጋሼ።»

«ወደብ ላይ ራሱ ይደውላል። ሲደውል እኔ አጠገብሽ እሆናለሁ፤ ቀስ አድርጌ፣ አለሳልሼ፣ እኔ ነኝ የምነግረው። አንቺ እንዳትናገሪ። ቁጣሽ እንኳን ሰው መርከብ ያሰምጣል።»

ማሚት ለአለቃ የማትመለስ፣ ለፖሊስም አንገቷን የማትደፋ ሴት ናት። «አይሆንም» ካለች አይሆንም። በዚህ ግን ተሸነፈች። ስንት ሰው መርዶውን በስልክ ሰምቶ መንገድ ላይ መኪናውን ሲያጋጭ፣ ስንቷ ደረጃ ላይ ስትወድቅ አይታለች። የአባቶቿን ወግ የምታውቀው በመጽሐፍ አይደለም፤ በዓይኗ ነው።

ማክሰኞ መርከቡ ሜክሲኮ ይቆማል ተባለ። እናቷ ትራሷ ላይ ቀና ብላ፣ አየር የምትስብበትን ቱቦ ካፍንጫዋ ገለል አድርጋ ሳቀች።

«ሜክሲኮ ከደረሰማ ምን ይጠብቃል? ከዚያ እስከ ቄራ በእግር አይደል እንዴ!»

«ሌላ ሜክሲኮ ነው፣ እማ።»

«አውቄያለሁ ልጄ። ላስቅሽ ብዬ ነው። ፊትሽ እንዲያ ጠቁሮ ሳየው ማን ነው የሚሞተው እላለሁ።»

ማክሰኞ ስልኩ የጮኸው ከምሳ በፊት ነው። ጋሽ ፍቅሬ የተማሪ አውቶቡስ ነጂ ናቸው፤ ልጆቹን ቤት አድርሰው ነበር ሊመጡ ያሰቡት። ማሚት ስልኩን አነሳች። ከበስተኋላ ሙዚቃ አለ፤ ሰው ይስቃል፤ ባሕሩ ሲጋጭ እንኳ ይሰማል።

«እትዬ! አሁንም አኩርፈሻል?»

«ቁማር ቤቱ ተዘጋብህና እኛ ትዝ አልንህ።»

ቂርቆስ ከት ብሎ ሳቀ። «ይህን ደግሞ ማን ነገረሽ? አዎ፣ እስከ ማታ ዝግ ነው። ሥራ ፈትቼ አሸዋ ላይ ተቀምጫለሁ። እማዬን አገናኚኝ እስቲ።»

እናቷ ሰምታለች። ዓይኗ እንደ ልጅ ዓይን በርቶ እጇን ዘረጋች። መርፌ የተሰካበት እጅ፣ ቆዳው እንደ ወረቀት የሳሳ። ማሚት ያን እጅ አየችው። ከዚያ እጅ ኋላ የሚመጣውን ድምፅም አሰበችው፤ የተቆራረጠ፣ ውሃ የገባበት ድምፅ። ቂርቆስ ቢሰማው ባንድ ቃል ያውቃል። ብቻውን ነው። ባሕሩ እግሩ ሥር ነው። ጋሽ ፍቅሬ አልመጡም። ደግሞም፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ሆዷ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቂም ነበረች፤ እሷ ሆስፒታል ወንበር ላይ ስታድር እሱ አሸዋ ላይ። አንድ ጊዜ እንኳ ይጠብቅ።

«ተኝታለች» አለች።

«በቀን?»

«አሮጊት በቀን ብትተኛ ምን ይገርማል? ሐሙስ ሌላ ወደብ አላችሁ አይደል? ሐሙስ ደውል።»

«እሺ በቃ። ስትነቃ ሳሚልኝ።»

ተዘጋ። እናቷ የዘረጋችውን እጅ ቀስ ብላ ብርድ ልብሱ ላይ መለሰችው።

«ምነው ልጄ፣ ተኝቻለሁ እንዴ?»

«እንዳይደነግጥ ነው፣ እማ። ጋሽ ፍቅሬ ሳይኖሩ አልኩ።»

እናቷ ወደ መስኮቱ ዞራ በረዶውን አየችው። ብትቆጣት ለማሚት በቀለላት ነበር። ግን ያው ወግ ነው ያሳደጋት።

«ልክ ነሽ» አለች በመጨረሻ። «ብቻውን ነው ልጄ። እስከ ሐሙስ ድረስ ድምፄም ትንሽ ይከፈትልኝ ይሆናል።»

ከዚያ ወዲያ መናገር ተወች። ውሃ ስትፈልግ ጣቷን ወደ ብርጭቆው ትቀስራለች፤ ሲበርዳት ብርድ ልብሱን ትጎትታለች። ነርሷ፣ «ቋንቋዋ ጠፋባት እንዴ?» ብላ ደነገጠች። ማሚት ግን አውቃዋለች። እናቷ ያለቻትን ድምፅ ለሐሙስ እያስቀመጠች ነበር።

ሐሙስ ጋሽ ፍቅሬ ከሥራ ፈቃድ ጠይቀው በጠዋት መጡ። ኮታቸውን ለብሰዋል፤ የሚናገሩትንም አዘጋጅተዋል። ስልኩን አልጋው ላይ፣ እናትየው እጅ አጠገብ አስቀመጡት። ማንም ሌላ ሰው እንዳይደውልበት ለዘመድ ሁሉ ተነግሯል። ሦስቱም ስልኩን ያያሉ። ረፋድ ሆነ። ምሳ አለፈ። ስልኩ ትንፍሽ አላለም።

ማሚት ኮሪደር ወጥታ በጋሽ ፍቅሬ ስልክ ላውንደሪ ደወለች። «ዋቁማ፣ ዛሬ ወደብ አይደሉም እንዴ? ቁማር ቤቱ ይዘጋል አላልከኝም?»

«ቆይ እስቲ፣ ድርጅቱን ልጠይቅልሽ።»

መልሶ ሲደውል የወትሮው ጨዋታው የለም። «እትዬ… ነፋስ በርትቶባቸው ወደቡን ዘለሉት። መርከቡ አልቆመም። ቀኑን ሙሉ ባሕር ላይ ናቸው።»

«ቁማር ቤቱስ?»

 ከዋቁማ ኋላ ማድረቂያው ሲሽከረከር ይሰማል።

«ካልቆሙማ ክፍት ነው።»

ማሚት ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ይዘጋል ወይስ አይዘጋም ብላ ጠይቃ ነበር፤ ትክክለኛውን መልስም አግኝታ ነበር። መርከቡ ይቆማል ወይ ብሎ መጠየቅ ግን አልመጣላትም።

ተመልሳ ስትገባ እናቷ ፊቷን አይታ ሁሉን ተረዳች። አፏን ከፈተች። ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ደውዪለት።»

«እማ፣ ስልኩ…»

«ደውዪ አልኩ።»

ማሚት ደወለች። አንዲት ፈረንጅ ሴት የሚፈልጉት ሰው አይገኝም የሚለውን ቃሏን ታነበንብ ጀመር። ማሚት እንግሊዝኛዋ ትንሽ ቢሆንም ይህቺን ሴት በደንብ ታውቃታለች። ስልኩን ግን ከእናቷ ጆሮ አላነሳችም።

«ይህቺ ማናት?» አለች እናቷ። «ሚስት አገባ እንዴ ሳይነግረኝ?»

ጋሽ ፍቅሬ ፊታቸውን አዞሩ። ፈረንጇ ጨርሳ መስመሩ ተቆረጠ፤ ማሚት ጢጥ ጢጥ ሲል ሰማችው። እናቷ አልሰማችም፤ ወይም እንዳልሰማች ሆነች። ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ቂርቆሴ፣ ዝም አትበል… እሺ፣ ዝም በል፣ ብቻ ስማኝ። የጨበጥከው አፈር ወርቅ ይሁንልህ። ክፉ አይንካህ። ቤት ሥራ። እህትህ አፏ ነው እንጂ ልቧ…»

ሌላም ተናገረች። ድምፅዋ ግን እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ከንፈሯ ብቻ የሚንቀሳቀስ ሆነ። ማሚት ጎንበስ ብላ ልትሰማ ሞከረች። እናቷ ግን ስልኩን አፏ ላይ አስጠግታ፣ ምሥጢር እንደሚነግር ሰው በእጇ ጋርዳው ነበር። አልሰማቻትም። ሳይመሽ ሞተች።

ቂርቆስ ቅዳሜ ፍሎሪዳ ወርዶ ደወለ። ጋሽ ፍቅሬ አነሱ፤ «ሁሉም ደህና ነው፣ በሰላም ግባ» አሉት። ማታ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ካለው አፓርትመንቱ ገብቶ እንደተኛ አረጋገጡ። ሬሳው እሱን እየጠበቀ ነው። እሑድ ጎህ ሲቀድ የለቀስተኛው መኪኖች መብራታቸውን አጥፍተው በረዶው ላይ ተደረደሩ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጋሽ ፍቅሬ አንኳኩ። ሁሉም እንደ ወጉ ሆነ። ሁለት ወንዶች ክንዱን ያዙት፤ ሲወድቅም መሬት ሳይነካ ደገፉት። ጩኸቱ ጎረቤቱን ሁሉ ቀሰቀሰው።

ለቅሶው በረድ ሲል ቂርቆስ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ፣ በፀሐይ የጠቆረ ፊቱን ወደ እህቱ አቀና። አልጮኸም። ቢጮህባት ኖሮ መልስ ነበራት፤ ማሚት ለጩኸት መልስ አጥታ አታውቅም።

«ማክሰኞ ስደውል ታማ ነበር?»

«ታማ ነበር።»

«ተኝታለች አልሽኝ እኮ፣ እትዬ።»

ጋሽ ፍቅሬ፣ «እኔ ነኝ እንዳትናገር ያዘዝኳት» ብለው ገቡ። ማሚት በእጇ አስቆመቻቸው።

«አልተኛችም ነበር» አለች። «ነቅታ ነበር። ስልኩን ስጪኝ ብላ እጇን ዘርግታልኝ ነበር።»

ቂርቆስ ራሱን ብዙ ጊዜ ነቀነቀ።

«ማክሰኞ እኮ ዝግ ነበር» አለ። «ምንም ሥራ አልነበረኝም። ቀኑን ሙሉ ላወራት እችል ነበር።»

ማሚት አጠገቡ ቁጭ አለች። ይቅር በለኝ የሚለውን ቃል ዕድሜዋን ሙሉ ለማንም ብላ አታውቅም፤ አሁን ብትፈልገውም የት እንዳለ ጠፋት። ያላትን ነገረችው። ሐሙስ መደወላቸውን፣ ፈረንጇን፣ «ሚስት አገባ እንዴ» መባሉን። እሱ እያለቀሰ ፈገግ አለ።

«መረቀችኝ?»

«መረቀችህ። የጨበጥከው አፈር ወርቅ ይሁንልህ አለች። ክፉ አይንካህ አለች። ቤት ሥራ አለች።»

«ሌላስ?»

«እህትህ አፏ ነው አለች።»

«ሌላስ፣ እትዬ?»

ማሚት ኪሷ ውስጥ ያለውን ስልክ በጣቶቿ ነካችው። ቀዝቅዟል።

«ሌላውን እኔ አልሰማሁትም» አለች። «ሌላውን ለስልኩ ነው የነገረችው።»