የአምፕሊፋየሩ አዲስ ልብስ

የወጥ ቤቱ ቧንቧ የፈነዳ ዕለት ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ነርሷ ተረኛ ነበረች፤ አማቷ ደግሞ የጎረቤት በር ሊያስተካክሉ ወጥተዋል። ሲመለሱ ውሃው ኮሪደሩን አልፎ መኝታ ቤቷ ገብቷል። ምንጣፉ፣ ጫማዎቿ፣ አልጋው ሥር የነበረው ሻንጣ ሁሉ ርሷል። አዛውንቱ ግን አንዱንም ዞር ብለው አላዩም። ቀጥ ብለው ወደ ጥግ ሄዱና የልጃቸውን የጊታር አምፕሊፋየር፣ ያን ከባድ የድምፅ ማጉያ ሳጥን፣ ተሸክመው አልጋው ላይ አስቀመጡት። ከባድ ዕቃ እንዳያነሱ ሐኪም የከለከላቸው ሰው ናቸው።

ልጃቸው፣ ማለትም የነርሷ ባል፣ ካረፈ አራት ዓመት አልፎታል። በየድግሱ ጊታር እየተጫወተ የሚያድር፣ ሳቂታ ሰው ነበር። ልጅ አልወለዱም። እሷም ብትሄድ የምትሄድበት አልነበራትም፤ እናትና አባቷን ያጣችው ገና በተማሪነቷ ነው። እናም እሳቸው ቅሪ ሳይሏት፣ እሷም ልሂድ ሳትል፣ እዚያው አብረው መኖር ቀጠሉ። ጠዋት ሻይ አፍልታላቸው ትወጣለች፤ ማታ እሳቸው እራት አሙቀው ይጠብቋታል። እሷ “አባባ” ትላቸዋለች። ሰፈርተኛው ግን በስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም፤ “ሚሊሜትር” ነው የሚላቸው። ዕድሜ ልካቸውን አናጢ ነበሩ፤ “በግምት” የሚል ቃል ከሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል።

ማታ ሁለቱም አልጋው አጠገብ ቆመው ሳጥኑን አዩት። ጥቁሩ ላስቲክ ልብሱ ከሥር ተልጦ ተንጠልጥሏል። የታችኛው ጣውላ ውሃ ጠጥቶ አብጧል።

“አባባ፣ ይሄ ነገር አልቆለታል” አለች ቀስ ብላ። “ብንጥለው አይሻልም?”

“ምኑ ነው ያለቀለት?” አሉ በጣታቸው እያንኳኩት። “አጥንቱ ደህና ነው። የተበላሸው ልብሱ ነው። ሰው ልብሱ ስለረጠበ ይጣላል?”

ነርሷ ሳጥኑን ጠልታው አልነበረም። አንድ ወር ሙሉ በሆዷ የያዘችው ነገር ነበር፤ የሆስፒታሉ የአምቡላንስ ሹፌር ለትዳር ጠይቋት፣ እሺ ብላዋለች። “ዛሬ እነግራቸዋለሁ” ብላ ትገባለች፤ እራት አቅርበው ሲጠብቋት ስታይ ነገሩ አፏ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ከዚያ መኝታ ቤቷ ስትገባ ሳጥኑ ጥጉን ይዞ ቁጭ ብሏል። ዓይን ያለው ይመስል ፊቷን ታዞርበታለች።

ሥራው በነጋታው በረንዳ ላይ ተጀመረ። አዛውንቱ ስፒከሩንና የኤሌክትሪኩን ክፍል ፈተው አወጡ።

“ይሄ ራዲዮ ጠጋኝ ጋ ሄዶ ይታይ” አሉ።

“የሥራ ባልደረባዬ ያደርስልኛል። መኪና አለው።”

“የቱ ባልደረባሽ?”

“ሹፌሩ።”

“እህ” አሉና ወደ ካቻቢቴያቸው ተመለሱ።

አሮጌው ልብስ በቀላሉ የሚለቅ አልሆነም። ነርሷ የፀጉር ማድረቂያዋን አምጥታ ማጣበቂያውን ታሞቃለች፤ እሳቸው በቢላ ጠርዝ እየፈለቀቁ ይጎትታሉ። በረንዳው የተቃጠለ ጎማ፣ የአቧራና የሲጋራ ጠረን ሸተተ፤ የስንት አዳራሽ ጭስ እንደሆነ እንጃ። ልብሱ ወልቆ ሲያልቅ ነጣ ያለ እንጨት ብቅ አለ፤ ማዕዘኖቹ እንደተቆላለፉ ጣቶች እርስ በርስ የተጋጠሙ ናቸው። አዛውንቱ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉ።

“ይሄን የሠራው ሰው አናጢ ነው” አሉ። ከሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም።

ያበጠውን ጣውላ ቆርጠው በአዲስ ተኩ። የተቦረቦረውን ስቱኮ ሞሉት። ነርሷ ከሥራ ስትመለስ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ፣ በብርጭቆ ወረቀት ጎኖቹን ስታሸው ታመሻለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቱ ሳያስጨንቃት እጇ ሳጥኑ ላይ አረፈ።

ቅዳሜ ልብስ ሊመርጡ የወንበር ጨርቅ ከሚሸጥበት ሱቅ ሄዱ። አዛውንቱ ጥቁሩን ጥቅል ገና ከሩቅ አይተው ጠቆሙ።

“እንደ ነበረው ይሁን።”

ነርሷ አጠገቡ ያለውን ጥቁር አረንጓዴ ስትዳብስ ቆየችና፣ “ጥቁሩን አይወደውም ነበር” አለች።

“ማን?”

“እሱ። ‘የሬሳ ሳጥን ተሸክሜ ነው የምዞረው’ ይል ነበር።”

“ለኔ ብሎኝ አያውቅም።”

“ለርስዎማ እንዴት ይበል? የገዙለት እርስዎ አይደሉ?”

አዛውንቱ ጥቅሉን ይዘው ቆሙ። ባለሱቁ መቀሱን እንዳነሳ ቀረ። እሷም ባልተናገርኩ ብላ ከንፈሯን ነከሰች። ድንገት ትከሻቸው ሲነቃነቅ አየች። አለቀሱ ብላ ስትደነግጥ፣ እየሳቁ ነው።

“ተመልከቺ ይሄን ባለጌ” አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። “አረንጓዴውን ቁረጥልን።”

ማጣበቁ ከሁሉም የከፋው ነው። ማስቲሹ እንጨቱም ልብሱም ላይ ይቀባል፤ ሁለቱ አንዴ ከተነካኩ መመለሻ የለውም። አዛውንቱ የመጀመሪያው ማዕዘን ላይ ሲደርሱ ልብሱ ተጨማደደባቸው። ቢስቡት አልሆነ፣ ቢያጥፉት አልሆነ። በሆዳቸው አጉረመረሙ።

“እስቲ ለኔ ይልቀቁልኝ” አለች። ጠርዙን ሰያፍ አጠፈች፣ ትርፉን ወደ ውስጥ አስገባች፣ በአውራ ጣቷ አንዴ ጫን አለችው። ማዕዘኑ ልስልስ ብሎ ተኛ።

“የት ተማርሽው?”

“በሽተኛ አልጋ ላይ። አንሶላ የምናጥፈው እንደዚህ ነው።”

“ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?” አሉና ማዕዘኖቹን በሙሉ ለሷ ተውላት።

የቀረው የላይኛው ረጅም ጠርዝ ነበር። አንዱ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ ሆነው ልብሱን ወጥረው እንጨቱ ላይ ተጫኑት። እስኪይዝ ድረስ ማንም እጁን ማንሳት አይችልም። አራት እጅ ባንድ ሳጥን ላይ፣ ፊት ለፊት። ማምለጫ የለም።

“አባባ።”

“ወይ።”

“አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር።”

“እጅሽን አትልቀቂ እንጂ ንገሪኝ።”

“ሰው ጠይቆኛል። ለትዳር።”

አዛውንቱ ዓይናቸውን ከልብሱ ላይ አላነሱም።

“ሹፌሩ ነው?”

“እንዴት አወቁ?”

“ያ ኤሌክትሪክ ራዲዮ ጠጋኙ ጋ ስንቴ ተመላለሰ? ‘ይህን ረስቼ፣ ያን ረስቼ’ እያለ በራችንን ሲያንኳኳ፣ እውነት ረስቶ ነው?” ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። “ምን አልሽው?”

“እሺ አልኩት። ግን ለርስዎ ሳልነግር…” እንባዋ በጉንጯ ወረደ፤ እንዳትጠርገው እጇ ተይዟል።

“ማስቲሹ ላይ እንዳይንጠባጠብ” አሉ። ቀልድ ሊያስመስሉት ፈልገው ነበር፤ ድምፃቸው ግን የሳቸው አልነበረም።

ጠርዙ ሲይዝ እጃቸውን ሊታጠቡ ገቡ። ውሃው ሲፈስ ይሰማታል። ቆዩ። እጅ ለመታጠብ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ ቆዩ። ነርሷ በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ጣቷ ላይ የደረቀውን ማስቲሽ ስትልጥ፣ አንጀታቸውን ቆረጥኩት እያለች ራሷን ትወቅስ ነበር።

ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል።

“ማስቲሹ አቃጠለኝ” አሉ፣ ሳትጠይቃቸው። አጠገቧ ተቀመጡ። “ከማን ቤት ነው የምትዳሪው?”

“አልገባኝም፣ አባባ።”

“ሴት ልጅ የምትዳረው ከአባቷ ቤት ነው። ሌላ አባት ካለሽ ንገሪኝ።”

ነርሷ ማስቲሹን መላጥ ትታ ዞር ብላ አየቻቸው።

“ልጄ ሲሞት ምራቴም አብራ የምትሄድ መስሎኝ ነበር” አሉ ወደ ሳጥኑ እያዩ። “ደግሞም ሄዳለች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሻይ የምታፈላልኝ ልጄ ናት። ልጅ ደግሞ ታገባለች። ምን አዲስ ነገር አለው?”

ራሷን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገች። እጃቸው ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። እንደዚያው ሆነው፣ ጀንበሯ ከግቢው ግድግዳ ጀርባ እስክትገባ ተቀመጡ።

በሳምንቱ ሹፌሩ የተጠገነውን የኤሌክትሪክ ክፍል ይዞ መጣ። ሸሚዙን ተኩሷል፣ ፀጉሩን ተቆርጧል፣ የሚቀመጥበት ጠፍቶበታል። አዛውንቱ ካቻቢቴውን ሰጡት።

“ስፒከሩን እሰረው።”

ብሎኑን ከመጠን በላይ ሲያጠብቅ፣ “ቀስ። እንጨት ነው፣ የመኪና ጎማ አይደለም” አሉት። ሲጨርስ ሜትራቸውን አውጥተው ለኩ። ግራውን ለክተው ቀኙን ሲለኩ ቅንድባቸው ከፍ አለ። ሹፌሩ አየ። ሳይባል ብሎኖቹን ሁሉ ፈታና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ነርሷ ሳቋን ለመደበቅ ወጥ ቤት ገባች። ከኋላዋ “እንዲህ ነው” የሚል የአማቷ ድምፅ ተሰማት። ልቧ መለስ አለ።

ሶኬቱ ላይ ሲሰኩት ቀይዋ መብራት በራች። ሳጥኑ እንደ ንብ ቀፎ ለስለስ ያለ እምምታ አሰማ።

“ጊታር ትችላለህ?” አሉት።

“አልችልም፣ አባባ።”

“ግድ የለም። የሚችልማ ነበረን።”

ይህን ያሉት በምሬት አልነበረም፤ ሹፌሩም ራሱን ዝቅ አድርጎ ተቀበለው። ነርሷ ተሰቅሎ የቆየውን የባሏን ጊታር ከግድግዳ አወረደችና ገመዱን ሰካች። እሷም መጫወት አትችልም። ክሮቹን ባውራ ጣቷ ከላይ እስከ ታች አንዴ ዳሰሰቻቸው። ቅኝቱ የተበላሸ፣ ግን ሰፊና ሞቅ ያለ ድምፅ ቤቱን ሞላው። አዛውንቱ መዳፋቸውን አረንጓዴው ልብስ ላይ አኑረው ንዝረቱ እስኪጠፋ ድረስ አላነሱም።

“ድገሚው” አሏት።

ሰርጉ በቀጣዩ ወር ሆነ። አዛውንቱ አዲስ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከቤቱ በር እስከ መኪናው ክንዷን ይዘው ሸኟት። መኪናው ሊነሳ ሲል ሙሽራው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ “አባባ፣ እሑድ እንመጣለን” አላቸው።

“በጠዋት ኑ” አሉ። “ከሰዓት በኋላ ትንሽ እተኛለሁ።”