ያለ ጉባኤ የተመለሰ ከርነል

እድሩ በድምፅ ብልጫ የወሰነውን የሚሽረው ጠቅላላ ጉባኤ ብቻ ነው። ጉባኤው ደግሞ የሚቀመጠው በወሩ መጨረሻ እሑድ ነው። ወንዙ ግን እሑድን አይጠብቅም! ሲፈንን ያንጨረጨራት ይኼ ነበር።

ከእንጦጦ ግርጌ የተከለችው የውኃ ከፍታ መለኪያ፣ የቀበና ወንዝ ሲሞላ በሬዲዮ መልእክት ይልካል፤ እድሩ ቤት ያለችው መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ተቀብላ ሳይረኑን ታስጮኻለች። ሁለቱንም የሠራችው ራሷ ሲፈን ናት። ቤታቸው ወንዙ አፋፍ ላይ ነው፤ እናቷ ወይዘሮ ወርቅውሃ ደግሞ ያለ ሰው ድጋፍ ከአልጋ አይወርዱም። ሳይረኑ ቀድሞ ካልጮኸ ማን ይደርስላቸዋል?

ባለፈው ስብሰባ የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ አምባዬ፣ "የእኔ ስልክ እንኳ አፕዴት ይደረጋል፤ የእድሩ ንብረት ምን በወጣው ያረጃል?" ብለው እጅ አስወጡ። ተደረገ። አዲሱ ከርነል፣ ማለትም የኮምፒውተሯ ሥርዓት እምብርት፣ ሬዲዮውን ከሚያሠራው ፕሮግራም፣ ከድራይቨሩ ጋር አልግባባ አለ፤ መቀበያው ጭራሽ ደነቆረ።

"የቀድሞውን ከርነል ልመልሰው" ብትላቸው ጋሽ አምባዬ ቱግ አሉ።

"እድር ወደ ኋላ አይሄድም! ከፈለግሽ ለጉባኤው አቅርቢ።"

ምን ያለ ድርቅና ነው! "እሺ" ብላ ወጣች፤ እሺታዋ ግን ለአፏ ያህል ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት እንጦጦ በደመና ጠቁሮ ስታየው ደሟ ፈላ። ለለቅሶ ወንበር ሲወጣ በተከፈተው በር እድሩ ቤት ገባች፤ ላፕቶፗን ከትንሿ ኮምፒውተር ጋር አገናኘች። የድሮው ከርነል ሚሞሪ ካርዱ ላይ አለ፤ ጫነችው፣ በራሱ ጊዜ እንዳይታደስ ቆለፈችው፣ አጥፍታ አስነሳችው።

"አንቺ ልጅ! እጅሽን አንሺ ከዚያ!" አሉ ጋሽ አምባዬ ከበሩ ላይ።

"አላነሣም!"

የሬዲዮው መብራት ብልጭ አለ። ብዙም ሳይቆይ ሳይረኑ ሰፈሩን ቀወጠው። በወንዙ ዳር ያለ ሁሉ ልጁን አቅፎ ወደ ላይ ይሮጥ ጀመር፤ ሲፈን ግን ቁልቁል ወደ ቤቷ በረረች። ጋሽ አምባዬም እየተራገሙ ተከተሏት፤ ደግነቱ ክፉ ሰው አይደሉም። ውኃው ደጃፉ ጋ ደርሷል። እሷ እናቷን በብብታቸው፣ እሳቸው በእግራቸው በኩል ይዘው አቀበቱን ተያያዙት። ከኋላቸው ጎርፉ በሩን ገንጥሎ ገባ።

ጋሽ አምባዬ እያለከለኩ፣ "ለመሆኑ ማን ፈቅዶልሽ ነው?" አሏት።

"ማንም!" አለች ሲፈን። "ጉባኤው ፊት ይክሰሱኝ። አሁን የእማዬን እግር ጠበቅ አድርገው ይያዙልኝ!"